የእሑድ ስልክ

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ የእናቴን ስልክ በኢንተርኔት ገደልሁት። ማለቴ፣ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ፤ ልጅ ደግሞ አንዴ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብሎ ካመነ ማንም አያስጥለውም። ዛሬ ባሕር ዳር ሒሳብ አስተምራለሁ። ቀን መቁጠር፣ ነገርን ከነገር ማገናኘት እንጀራዬ ነው። የዚያን ዓመት ቀኖች ግን በትክክል የቆጠርኋቸው ባለፈው ዓመት፣ እናቴ ከሞተች በኋላ ነው።

ቤታችን ደብረ ታቦር፣ ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ መንገድ ዳር ነበር። የፊተኛው ክፍል የእናቴ ሥራ ቤት ነው፤ «ፈንታነሽ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ ከነስልክ ቁጥሩ በሩ ላይ ተሰቅሏል። እናቴ ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሠርግ ጥሪ ስትጽፍ ትውላለች። ፈጣን ነበረች፤ ባለጉዳዩ ብሶቱን ተናግሮ ሳይጨርስ እሷ ጽፋ ትጨርስና «እሺ፣ ቀጥል» ትለዋለች። አባቴ ሞገስ የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበር። ቀበቶውን ታጥቆ እንጨት ላይ ሲወጣ እኔ ቁልቁል ሆኜ አጨበጭባለሁ፤ እናቴ ፊቷን ታዞራለች።

ታላቅ ወንድሜ ጌጡ ከዓመት በፊት በመተማ አድርጎ ሱዳን ገብቷል። ካርቱም ውስጥ ፎቅ ቀለም ይቀባል። በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ይደውላል። ከሰው ስልክ ስለሚደውል እኛ መልሰን አናገኘውም፤ እናቴ ደግሞ የእጅ ስልክ አልነበራትም፤ ቤታችን ውስጥ የነበረው የአባቴ የሥራ ስልክ ብቻ ነው። ስለዚህ እሑድ እሑድ ነጠላዋን ሳታወልቅ ከጠረጴዛው ስልክ አጠገብ ትቀመጣለች። ሲጮኽ ወዲያው አታነሣውም። ለምን ብላት፣ «እስቲ ተይኝ፣ ጥሪውንም ልጥገበው» ትለኛለች።

ድሮ ኢንተርኔቱ በዚያው በስልኩ መስመር እየደወለ ነበር የሚገባው። አንድ ሰው ኢሜይል ልክፈት ካለ ስልኩ ተያዘ ማለት ነው። አንድ እሑድ አንዲት ተማሪ የፈተና ውጤቷን ልታይ መጣች፤ እናቴ አሳዘነቻትና ከፈተችላት። ያን ቀን ጌጡ ሳይገኝ ቀረ። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ ከራሷ ጋር ተጣልታ ከረመች። አባቴ የስልኩን መስመር ሳይዝ የሚሠራውን ኢንተርኔት፣ ብሮድባንዱን፣ ያስገባው ያኔ ነው።

ሲያስገባ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ መብራት ያዝሁለት። አባቴ ሥራውን ሲያስረዳ የሚደሰት ሰው ነበር።

«ይች የድሮዋ የመዳብ ሽቦ ናት» አለኝ። «የሰው ድምፅ ከሥር ከሥር ይሄዳል። ኢንተርኔቱ ከላይ ከላይ ይሄዳል። አንዱ ሌላውን አይነካውም።»

«ቢነካውስ?»

«እንዳይነካውማ ይች አለችልን።» የክብሪት ቀፎ የምታህል ነጭ ዕቃ አሳየኝ፤ ስፕሊተር ትባላለች። ከግድግዳው የመጣው ሽቦ በአንድ በኩል ይገባባታል። በሌላ በኩል ሁለት ቀዳዳ አላት፤ አንዱ ለስልኩ፣ አንዱ ኢንተርኔቱን ለኮምፒውተሩ ለሚያቀብለው ለሞደሙ። «ድምፁን ከኢንተርኔቱ የምትለየው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ስልኩ ይንጫጫል፤ ኢንተርኔቱም ይቆራረጣል።»

«ባንክ ያለውም እንደዚህ ነው?»

«የባንኩ ሌላ ዓይነት ነው። የሚመጣውና የሚሄደው እኩል ነው። የእኛ የሚመጣው ብዙ፣ የሚሄደው ትንሽ ነው፤ ለቤት እሱ ይበቃል። ከሁሉም የሚፈጥን ሌላም አለ፤ ግን ለስልክ ጣቢያው ጎረቤት ለሆነ ሰው ብቻ ነው። ከከተማው ውጭ ጋፋት ድረስ ውሰደው ብትይኝ ደግሞ የትኛውም አይሄድም፤ መንገድ ላይ ይደክማል።»

የሚመጣው ብዙ ነው መባሉ ደስ አለኝ። ከባንኩም የበለጠን መሰለኝ።

የሁለት ሺህ ሦስት ዓቢይ ጾም በገባ በማግሥቱ፣ ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እናቴ ሐኪም ዘንድ ለክትትል ሄዳለች። ሰባተኛ ወሯን ጨርሳ ነበር። ከእኔ በኋላ ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ አሁን ደግሞ የደም ግፊትሽ ከፍ ብሏል፣ እንዳትደነግጪ ተብላለች። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ኳስ የሚፈነዳበት ጨዋታ ከፍቼ እጫወታለሁ። ስልኩ ጮኸ፤ አባቴ የጎረሰውን እየዋጠ አነሣው።

«አቤት። አዎ፣ አባቱ ነኝ።»

 እንጀራ የያዘበት እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እሺ» አለ። «እሺ። ገባኝ። የት ነው ያስቀመጣችሁት?»

እኔ ሁለት ቀይ ኳስ አፈነዳሁ።

መነጋገሪያውን አስቀመጠ፤ እጁን ግን አላነሣም። «አባዬ፣ ጌጡ ነው?» አልሁት። አላየኝም። ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ ስፕሊተሯን ከግድግዳው ነቀላት። የስልኩ ሽቦ መሬት ላይ ወደቀ። የሞደሙን ሽቦ ብቻ መልሶ ግድግዳው ላይ ሰካው።

«ምን ሆነ?»

«ኢንተርኔቱ ስልኩን አበላሸው» አለኝ። «ይንጫጫል። አይሰማም።»

ጨዋታውን እንደከፈትሁ ነበር።  አባቴ ወደ ጓሮ ሲወጣ ቶሎ ዘግቼ ወንበሩን ወደ ቦታው መለስሁት፤ ማንም እንዳልነካው እንዲመስል።

የደወለው የጌጡ የሥራ ጓደኛ ነው። ጌጡ በዋዜማው፣ ሰኞ ጠዋት፣ የቀለም ቆርቆሮውን እንደያዘ ከፎቅ ወድቆ ሞቷል። አባቴ በአንድ እጁ እንጀራ ይዞ የሰማው ይህን ነበር።

ከሰዓት በኋላ የእናቴን የንስሐ አባት መምሬ ሀብተማርያምን ይዟቸው መጣ። ጓሮ ቆሙ። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ እሰማለሁ፤ ልክ ነበር ብዬ አልከራከርም።

«ስንተኛ ወሯ ነው?» አሉት።

«ሰባትን ጨርሳለች። አባ፣ ሁለት ጊዜ እኮ ወርዶባታል። ይኼንን ብትሰማ ሁለቱንም ነው የማጣው።»

«እንግዲያማ አይነገራትም። መጀመሪያ በሰላም ትገላገል። ክርስትናውም ይለፍ። ከዚያ በወጉ፣ ሰው ባለበት፣ እንነግራታለን።»

«ሰው ደውሎ ቢነግራትስ?»

 «የስልኩን ነገር ከአንተ የበለጠ ማን ያውቃል፣ ልጄ?» አሉት።

ስልክ ሲሉ ስሰማ በቃ፣ ስለ እኔ መሆኑን አረጋገጥሁ። ያበላሸሁት እኔ መሆኔን እናቴ እንዳትሰማ ሁለት ትልልቅ ሰዎች ምሥጢር ሊይዙልኝ ተስማሙ። ሲወጡ ሮጬ መስቀላቸውን ተሳለምሁ። ራሴን ዳበሱኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ይህን ያህል መውደዳቸው አስገረመኝ።

በእኛ አገር የሞት ወሬ በስልክ አይነገርም። ንጋት ላይ ሽማግሌው፣ ካህኑ፣ ጎረቤቱ ተሰብስቦ ይመጣል፤ ሴቶች ግራና ቀኝ ይይዛሉ፤ ያኔ ነው መርዶው የሚነገረው። ሐዘንተኛዋ ነፍሰ ጡር ወይም አራስ ከሆነች አገር ሁሉ ያውቃል፣ እሷ ብቻ ሳታውቅ ትቆያለች። ማንም እንደ ውሸት አይቆጥረውም። አባቴም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እሱ ሽቦ መንቀል የሚያውቅ ሰው መሆኑ ብቻ ነው።

ለእናቴ ዕቃዋ ተቃጠለች፣ ሌላ ከባሕር ዳር እስክትመጣ ስልኩ አይሠራም፣ ሥራሽ እንዳይቆም ግን ኢንተርኔቱን ትቼልሻለሁ አላት።

«ጌጡስ?»

«በእኔ ስልክ ይደውላል። ነግሬዋለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ አባቴ ከውጭ ሲገባ ሰላምታ ይዞ ይመጣል። ጌጡ ደወለ፣ ደኅና ነው፣ ሥራ በዝቶበታል፣ ራስሽን ጠብቂ ብሏል። እናቴ «ምነው ቤት ስትሆን አይደውል?» ትለዋለች፤ «ሲመቸው ነዋ የሚደውለው» ይላታል። እሷም ታምነዋለች፤ ግን ልማድ አልለቅ ብሏት፣ ነጠላዋን እንዳጣፋች ሄዳ ከሞተው ስልክ አጠገብ ትቀመጣለች። የጎረቤት ሴቶች ብቅ ይሉና ሆዷን አይተው፣ ስልኩን አይተው፣ ቶሎ ይወጣሉ። እኔ ጥግ ይዤ አያታለሁ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ለኳስ ጨዋታ ብዬ ነው።

መጋቢት ሃያ አራት ቅዳሜ ነበር። አባቴ በጋፋት በኩል የወደቀ የስልክ እንጨት ሊያነሡ ከጓደኞቹ ጋር ሄዷል። የትርፍ መሣሪያ ቦርሳውን ስበረብር ስፕሊተሯን በመሐረብ ተጠቅልላ አገኘኋት። አልተቃጠለችም። አዲሷ መጥታለት ለመግጠም ጊዜ አጥቶ ነው ብዬ አሰብሁ። እናቴ ለአንድ ገበሬ የድንበር ክስ እየጻፈች ስለነበር ጠረጴዛው ሥር ስገባ አላየችኝም። ከግድግዳው የመጣውን በዚህ፣ ስልኩን በዚያ፣ ሞደሙን በወዲያኛው። የሞደሙ አረንጓዴ መብራት ጠፋ፣ ብልጭ ብልጭ አለ፣ ረጋ። መነጋገሪያውን አንሥቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ድምፅ አለው! ደስታው ሊገድለኝ ነበር። ነገ እሑድ ነው፤ ጌጡ ራሱ ይደውላል፣ እናቴም ማን ሠራው ትላለች፣ እኔም ያኔ እናዘዛለሁ።

እስከ ነገ አልቆየም። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ።

የእናቴ ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ቆሙ። ከዚያ ያ ሁሉ ሆድ እያላት ወንበሩን ገፍትራ ተነሣች፤ እንደዚያ ስትፈጥን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየኋትም።

«ጌጡዬ!»

ሰማች። ረጅም ጊዜ ሰማች። አንድ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ፊቷን ወደ ግድግዳው ስላዞረች የማየው ጀርባዋን ብቻ ነበር።

«የለም» አለች በመጨረሻ፣ በቀስታ። «ቁጥር ተሳስተዋል፣ እመቤቴ።»

መነጋገሪያውን ሁለት ጊዜ ስታ በሦስተኛው ቦታው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ዞር ስትል እኔን አየችኝ። ጥርሴን ገልጬ እስቅ ነበር።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«አዎ! አባዬ ሲሠራ አይቼ!»

ጠጋ ብላ ጉንጬን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ነበር። «ጎበዝ» አለችኝ። «ጎበዝ ልጅ። በይ አሁን እንደነበረ አድርጊው። ዕቃዋንም ካገኘሽበት መልሺያት። ለአባትሽ እንዳትነግሪው፤ መሣሪያዬን ነካሽ ብሎ ይቆጣሻል። እሺ ማሬ?»

«ነገ ጌጡ ሲደውልስ?»

«በአባትሽ ስልክ ይደውላል» አለችኝ።

እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። እያለቀስሁ ሁሉንም ነቀልሁ። እሷ ተመልሳ ተቀመጠችና መጻፏን ቀጠለች። ወረቀቱ ሲወጣ ገበሬው ለልጁ ሰጥቶ አስነበበው፤ «ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ» የሚለው መስመር አራት ጊዜ ተደጋግሟል። «እትዬ ፈንታነሽ፣ ዳኛው ጆሮው አይሰማም እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ይቅርታ ጠይቃ እንደገና ጻፈችለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ እሑድ ስልኩ አጠገብ መቀመጧን ተወች። ከቤተ ክርስቲያን ትመለስና ትተኛለች። ወንድሜን የረሳችው መሰለኝ፤ ሆዷ ውስጥ ያለው አዲሱ ልጅ አስረሳት ብዬ ቂም ያዝሁ። ይበልጥ የሚያበሳጨኝ ደግሞ አባቴን ስትጠይቀው ነበር።

«ያች ዕቃ አልመጣችም?»

«አልመጣችም። የመንገድ ነገር።»

«ጌጡ ደወለ?»

«ደወለ። ወፈረች ወይ ብሎ ሳቀብሽ።»

«ይሳቅ» አለችው አንድ ቀን፣ ወደ ግድግዳው እየዞረች። «ይሳቅ ልጄ።»

ስልኩ እንደሚሠራ እያወቀች ለምን ትጠይቀዋለች? ትልልቅ ሰዎች ማስመሰል ይወዳሉ ብዬ ተውሁት። መጠየቅ ብታቆም አባቴ እንደሚነቃ፣ ከነቃም ማን ስልኩን አገናኘው ብሎ እንደሚፈልግ ዘጠኝ ዓመት ለሞላት ልጅ አይታያትም።

ከፋሲካ በኋላ፣ ሚያዝያ ሃያ አምስት፣ ወንድ ልጅ ወለደች። ጤና ጣቢያ አብራት የሄደችው ጎረቤታችን ብዙነሽ ለሰው ሁሉ ታወራ ነበር፤ «እንደዚያች ያለ ጨካኝ አላየሁም። አንድ ድምፅ አላሰማችም። አዋላጇ ኧረ ጩኺ፣ ጩኸት ይረዳሻል ብትላት እምቢ አለች።» እኔም በእናቴ ጀግንነት ኮራሁ። አንዴ አፏን ከከፈተች መዝጋት እንደማትችል የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። ጡቷ እንደሚገባ አልወረደላትም፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ይውላል፣ እሷ ደረቅ ዓይኗን አፍጥጣ ታየዋለች። አባቴ ገንፎውን ራሱ ያገነፋላታል፣ ያጎርሳታል፤ ስለ ጌጡ ይዋሽላታል። እሷም ጎርሳ ትሰማዋለች። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች አንዱን ሬሳ እርስ በእርስ ሲደባበቁ ነው የከረሙት።

ሰኔ አምስት፣ በአርባ ቀኑ፣ ልጁ ምሕረትአብ ተብሎ ክርስትና ተነሣ። በማግሥቱ ሰኞ፣ ገና ሲነጋጋ፣ በራችን ተንኳኳ። ዝናብ ያካፋል። መምሬ ሀብተማርያም፣ ሽማግሌዎቹ፣ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ እርጥብ ነጠላቸውን ተከናንበው ገቡ። ብዙነሽ ሕፃኑን ከእናቴ እቅፍ ወሰደችው። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ተቀመጡ።

«ወለተጊዮርጊስ» አሏት መምሬ በክርስትና ስሟ። «እንግዲህ እግዚአብሔር የሰጠውን ሲወስድ ምን እንላለን። ልጃችን ጌጡ...»

አልጨረሱትም። ከእናቴ የወጣውን ድምፅ ዛሬም መስማት አልፈልግም። ሁለት ሴቶች ሊይዟት አልቻሉም። ደረቷን እየመታች፣ «ማን አለህ ብለህ! ማን ይይዘኛል ብለህ ፎቅ ላይ ወጣህ! ከዚያ ሁሉ ሰማይ ላይ ወደቅህብኝ!» አለች።

ፎቅ የሚል ቃል ማንም አልተናገረም ነበር።

በዚያ ሁሉ ዋይታ መካከል ልብ ያለው የለም። በሩ አጠገብ ጋቢውን ተከናንቦ የሚያለቅሰው አባቴ ብቻ ቀና አለ። እናቴን አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞሮ እኔን አየኝ። የማላለቅሰው እኔ ብቻ ስለሆንሁ የተቆጣ መሰለኝ፤ ደንግጬ ጮክ ብዬ ማልቀስ ጀመርሁ። ጌጡ መሞቱ ገና አልገባኝም ነበር።

ባለፈው ዓመት እናቴን ቀብረን ድንኳን ውስጥ ስቀመጥ፣ ከአንበሳሜ የመጡ የእናቴ ዘመድ፣ እትዬ ጥሩወርቅ፣ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ያዙ።

«አንቺ ልጅ፣ አሥራ ሦስት ዓመት የከነከነኝ ነገር አለ» አሉኝ። «የጌጡን መሞት ገበያ ላይ ሰማሁ። ወሩ አልፏል፣ መቼም ተረድታለች ብዬ፣ ለቅሶ አለመድረሴ አሳፍሮኝ ስደውል ስደውል የሚያነሣ የለም። አንድ ቅዳሜ ተነሣ። እግዜር ያጥናሽ እህቴ፣ እንዴት እንደዚያ ያለ ጎበዝ ከፎቅ ይወድቃል አልኋት።  ከዚያ ቁጥር ተሳስተዋል ብላ ዘጋች። ድምፁ የእሷ ነው። ግን ተሳስቼ ነው አልሁ፤ ልቤ እንዲያርፍ። መርዶው ሰኔ ላይ ነበር ሲሉኝ ጊዜ...»

ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ቆጠርሁ። ከመጋቢት ሃያ አራት እስከ ሰኔ ስድስት፣ ሰባ ሁለት ቀን። ሰባ ሁለት ቀን ሙሉ ልጇ እንደሞተ እያወቀች እንባዋን የዋጠችው ለሆዷ ልጅ ብቻ አልነበረም። ያን ቅዳሜ ብትጮኽ ኖሮ መርዶውን ወደ ቤት ያስገባሁት እኔ እሆን ነበር። ጥርሴን ገልጬ ስስቅ አየችኝና እኔን መረጠች። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን፣ ልጇን የረሳች እናት ብዬ ቂም ይዤባት ነበር። ይህን ይቅር በይኝ የምላት ሰው የለም።

በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሲሳሳ አባቴ ዘንድ ገባሁ። ከቀብሩ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎት፣ መደቡ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። አሁን ጡረተኛ ነው።

«ጥሩወርቅ ስታዋራሽ አየሁ» አለኝ።

«አዎ።»

«ምን አለችሽ?»

«የእማዬን ደግነት ነው ያወራችኝ።»

ጋቢውን አስተካከለ።  «ሌላስ? ስለዚያ ስለ ስልኩ... ምንም አላነሣችብሽም?»

ታዲያ እሱና እናቴ ተነጋግረው ነበር ማለት ነው። እኔ እንዳልሰማ ተማምለው ነበር ማለት ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ስበላ፣ ስስቅ፣ ስቆጣ፣ ሁለቱም እኔን ሲጠብቁኝ ኖረዋል፤ አሁን ደግሞ እሱ ብቻውን ቀርቷል።

«የቱ ስልክ?» አልሁት።

ፊቴን አየ።  እኔም ዓይኔን አልሰበርሁም።

«ተይው» አለኝ። «ዝም ብዬ ነው።»

ጥቂት ቆይቶ ጋደም አለና ዓይኑን ጨፈነ። እንቅልፍ እስኪወስደው አጠገቡ ተቀመጥሁ፤ ከዚያ ድምፄ እንዳይሰማው ከቤቱ ራቅ ብዬ ሄጄ አለቀስሁ።